የሠራተኞች የጤና ክትትል

አንድ ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሲታመም ነው። ራሱን ሲያመው፣ ሆዱን ሲቆርጠው ወይም ሳል ሲጠናበት ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ ሐኪሙም የሕመሙን ምክንያት ፈልጎ መድኃኒት ያዝለታል። ሁላችንም የምናውቀው የሕክምና መንገድ ይህ ነው። ዳሩ ግን ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድ አለ። ይኸውም ምንም ዓይነት ሕመም የማይሰማውን፣ በሙሉ ጉልበቱ የሚሠራውን ሰው በተወሰነ ጊዜ እየጠሩ መመርመርና ውጤቱን እየመዘገቡ ማቆየት ነው። በፋብሪካ፣ በማዕድን ማውጫ፣ በእርሻ ልማትና በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ቤቶች ለአቧራ፣ ለመርዛም ቅመሞች፣ ለኀይለኛ ድምፅ ወይም ለጨረር የተጋለጡ ሠራተኞች የሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለው ምርመራ ነው። ይህም የጤና ክትትል ይባላል።

“ክትትል” የሚለውን ቃል ቆም ብለን ብንመለከተው ለነገሩ መግቢያ ይሆነናል። “ተከተለ” የሚለው ግሥ ከሌላው ኋላ ሆኖ መሄድን ያመለክታል። ከግሡ ፊደሎች አንዱ ተደግሞ “ተከታተለ” ሲባል ግን፣ “ሰበረ” “ሰባበረ” እንደሚሆነው ሁሉ፣ ድርጊቱ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የቀረ ሳይሆን የተደጋገመ መሆኑን እንረዳለን። “ክትትል” የሚለው ስም የተገኘው ከዚህ ከተደጋገመው ግሥ ነው። እንግዲህ አንድን ሠራተኛ በተቀጠረበት ዕለት ብቻ መርምሮ “ጤነኛ ነው” የሚል ወረቀት በፋይሉ ውስጥ ማኖር ምርመራ ይባል እንደሆነ እንጂ ክትትል ሊባል አይችልም። የመጀመሪያውን ፈጽመው ሁለተኛውንም እንደ ፈጸሙ የሚቈጥሩ መሥሪያ ቤቶች ጥቂቶች አይደሉም።

ሥራና በሽታ ዝምድና እንዳላቸው ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቤርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 በሞዴና ከተማ ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ማዕድን ቈፋሪዎችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ሌሎችንም ብዙ ባለሙያዎች እየጠቀሰ እያንዳንዳቸውን የሚያጠቃቸውን በሽታ ገለጸ። ለሐኪሞች የሰጠው ምክር አጭር ነበር፤ በሽተኛን ሲመረምሩ ከጥንት ጀምሮ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ላይ “ሥራህ ምንድን ነው?” የሚል አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ከ300 ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆኖም ተራ ጠባቂው በበዛበት ክሊኒክ ውስጥ ይህ ጥያቄ ዛሬም ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የራማዚኒ ጥያቄ ታሞ ለመጣ ሰው የሚቀርብ ነው። የጤና ክትትል ግን ሰውየው ከመታመሙ በፊት ይቀድማል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት የጥጥ ፋብሪካን በምሳሌነት እንውሰድ።

በድሬዳዋ፣ በአቃቂ፣ በባሕር ዳርና በኮምቦልቻ የተቋቋሙት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአገራችን የኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ስፍራ አላቸው። በቤት ውስጥ ጥጥ በደጋን ሲነደፍ ያየ ተማሪ ብናኙ እንዴት ወደ ላይ እንደሚነሣና በፀጉርና በልብስ ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። በፋብሪካ ውስጥ ታምቆና ታስሮ የመጣው ጥጥ መጀመሪያ ይፈታል፤ በነፋስ ኀይል ይራገፋል፤ ቀጥሎም በመኪና ይበጠራል። በእነዚህ ክፍሎች የሚነሣው ብናኝ ከደጋኑ ብናኝ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ብናኙ የጥጥ ጭረት ብቻ ሳይሆን የቅጠልና የእንጨቱ ስባሪ፣ እንዲሁም በተክሉ ላይ የነበሩ የባክቴሪያዎች መርዛም ቅሪት የተቀላቀለበት ነው። ይህን አየር ለብዙ ዓመታት የሚተነፍስ ሰው ቢሲኖሲስ የተባለ የሳንባ በሽታ ሊይዘው ይችላል።

የዚህ በሽታ አመጣጥ እጅግ አታላይ ነው። ሠራተኛው እሑድ ዐርፎ ሰኞ ጧት ወደ ሥራው ይመለሳል። ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደረቱ እንደ ታሰረ ያህል ይጨንቀዋል፤ ያስለዋል፤ ትንፋሽም ያጥረዋል። ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ ያድራል፤ ማክሰኞ ግን ደኅና ይሆናል። እስከ ቅዳሜም ድረስ ምንም አይሰማውም። በሥራ ላይ እያለ ስለ ተሻለው ምክንያቱ ሥራው ነው ብሎ አይጠረጥርም። ካቦውም “እሑድ ጠላ ስትጠጣ ውለህ ነው” ብሎ ቢቀልድበት የሚደንቅ አይሆንም። እንዲህ እያለ ሰኞ ብቻ የነበረው ጭንቀት ከዓመታት በኋላ ማክሰኞና ረቡዕንም ይጨምራል፤ በመጨረሻም የሳምንቱን ቀናት ሁሉ ይይዛል። ሪቻርድ ሺሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የላንክሻየርን የጥጥ ሠራተኞች ሲያጠና የበሽታውን ደረጃዎች የከፋፈለው ይህንኑ የቀናት አቈጣጠር መሠረት አድርጎ ነበር። በመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ሥራውን ቢተው እንኳ ሳንባው ወደ ቀድሞው ሁኔታው አይመለስም።

ክትትል የሚያስፈልገው ሰኞ ብቻ በሚጨንቀው ጊዜ፣ እንዲያውም እሱ ራሱ ጭንቀቱን ለይቶ ከማወቁ በፊት ነው። ለዚህም ስፓይሮሜትር የሚባል መሣሪያ አለ። ሠራተኛው አየር በኀይል ይስብና ባለ በሌለ ኀይሉ ወደ መሣሪያው ይነፋል፤ መሣሪያውም በመጀመሪያው አንድ ሴኮንድ ውስጥ የወጣውን አየር በሊትር ይለካል። መለኪያው ሰኞ ጧት ፈረቃው ሳይጀመርና ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። አንድ ሠራተኛ ጧት 3.2 ሊትር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 2.9 ሊትር ነፋ እንበል። ልዩነቱ 0.3 ሊትር ነው። ሰውየው ምንም አልተሰማኝም ቢልም ሳንባው ለብናኙ መልስ እየሰጠ መሆኑን ቁጥሩ ይናገራል።

ከዓመት ወደ ዓመት የሚታየው ለውጥ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ ሰው በዕድሜ ምክንያት ብቻ ከዚህ የትንፋሽ መጠን በየዓመቱ በአማካይ 30 ሚሊሊትር ያህል ይቀንስበታል። ብናኝ የሚጐዳው ሰው ደግሞ 60 ወይም 80 ሚሊሊትር ሊቀንስበት ይችላል። ይህን የመሰለ ትንሽ ልዩነት በሁለት ልኬቶች መካከል ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ሰው በአንድ ቀን እንኳ ሁለት ጊዜ ቢነፋ ቁጥሩ ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላልና። አምስትና ስድስት ዓመት የተጻፈ መዝገብ ሲኖር ግን ቁጥሮቹ ተያይዘው የሚወርዱበት አቅጣጫ በግልጽ ይታያል። በተጨማሪም ከተፈጥሮው ሰፊ ደረት ያለው ሰው ከትንፋሹ አንድ አምስተኛውን አጥቶም እንኳ ልኩ ከሌሎች ሰዎች አማካይ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሰው ከሌሎች ጋር ቢያወዳድረው ጤነኛ ነው ይለዋል፤ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ከራሱ ጋር ቢያወዳድረው ግን ጉዳቱን ያየዋል። ሥራ ሲጀመር የሚወሰደው ልኬት “መነሻ” የሚባለውም ስለዚህ ነው።

የአንድን ሰው መዝገብ ከራሱ ጋር ማወዳደር የመጀመሪያው ጥቅም ሲሆን፣ የብዙዎችን መዝገብ አንድ ላይ ማንበብ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ 595 ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። ጥጡ በነፋስ በሚራገፍበት ክፍል ከሚሠሩት መካከል 43 በመቶ ያህሉ፣ በሚበጠርበት ክፍል ከሚሠሩት ደግሞ ከ37 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቢሲኖሲስ ምልክት ተገኘባቸው። በሌሎቹ ክፍሎች ግን ቁጥሩ ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ልብ በሉ። ሁሉም በአንድ ፋብሪካ በር የሚገቡ ሰዎች ናቸው፤ የሚለያዩት በሚሠሩበት ክፍል ነው። አንድ ሠራተኛ ቢያስለው ሠራተኛውን መመርመር ይገባል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ከሚሠሩት እኩሌታው ገደማ ሲያስላቸው ግን መመርመር የሚገባው ክፍሉ ነው። ብናኙ ከመነሻው የሚሳብበት መሣሪያ ተተክሏል ወይ? መኪናው ተከድኗል ወይ? ወለሉ የሚጸዳው ብናኙን በሚስብ መሣሪያ ነው ወይስ በነፋስ ግፊት እየተበተነ? የክትትሉ ፍሬ የሚለካው ለእነዚህ ጥያቄዎች በተሰጠው መልስ ነው። ለሠራተኛው የአፍ መሸፈኛ ሰጥቶ ነገሩ አልቋል ማለት ብናኙን ባለበት ትቶ ኀላፊነቱን በሠራተኛው አፍንጫ ላይ እንደ ማንጠልጠል ይቈጠራል።

መዝገብ ሲነበብ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ10 ዓመት በፊት በአንድ ክፍል ውስጥ 40 ሠራተኞች ተቀጥረው ነበር እንበል። ዛሬ በዚያው ክፍል ከእነሱ መካከል 25ቱ ይገኛሉ፤ ሲመረመሩም አብዛኞቹ ደኅና ሆነው ተገኙ። ኀላፊው “እነሆ፣ በዚህ ክፍል የሚጐዳ ነገር የለም” ቢል ድምዳሜው ትክክል ይመስላል። ነገር ግን የቀሩት 15ቱ ወዴት ሄዱ? ብናኙን ሊቋቋሙት ያልቻሉት ሥራቸውን ለቀው ሄደው ሊሆን ይችላል። የቀሩት ጠንካሮቹ ናቸው። ስለሆነም የለቀቁትን ስምና የለቀቁበትን ምክንያት የማይዝ መዝገብ፣ በመልካም ዓላማ የተጻፈ ቢሆንም እንኳ፣ አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል።

ከዚያው ፋብሪካ ሳንወጣ ወደ ሽመናው ክፍል እንለፍ። እዚህ ብናኙ ያነሰ ነው፤ መኪናዎቹ ግን ሁለት ሰዎች ጐን ለጐን ቆመው እንዳይሰማሙ የሚያደርግ ድምፅ ያሰማሉ። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ዘወትር ቢሰማ ጆሮው ሊጐዳ እንደሚችል በሰፊው የታወቀ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው በቀጭን ድምፅ በኩል፣ በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ ሰዎች በሚነጋገሩበት ወፈር ያለ ድምፅ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሠራተኛው መጀመሪያ የሚጠፋው እንደ “ሰ” እና እንደ “ፈ” ያሉት ቀጭን ድምፆች ናቸው፤ ሰው ሲናገር ይሰማዋል፤ የተባለውን ግን ለይቶ አያውቅም። በዚህም ጊዜ ቤተሰቡ “መስማት አይፈልግም” ብለው ይቀየሙት ይሆናል። በየዓመቱ የመስማት ችሎታው ቢለካ ኖሮ ጉዳቱ ገና በ4,000 ኸርዝ ላይ ሳለ ይታይ ነበር። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ስስ የስሜት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ስለማይተኩ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሕክምና የጠፋውን የሚመልስ አይሆንም።

የመነሻ ልኬት ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊ የሚሆነው በፀረ-ተባይ መድኃኒት ረጪዎች ዘንድ ነው። በዝዋይ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ አካባቢ ባሉት የአበባ እርሻዎች ውስጥ እንደሚሠራው ያለ ሥራ ልዩ ልዩ የተባይ ማጥፊያ ቅመሞችን ይጠይቃል። ከእነዚህ ቅመሞች አንዳንዶቹ፣ በተለይም ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት፣ በደም ውስጥ የሚገኘውንና ለነርቮች ሥራ አስፈላጊ የሆነውን ኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያዳክማሉ። ጤነኞች በሆኑ ሰዎች መካከል እንኳ የዚህ ኢንዛይም መጠን በጣም ይለያያል። ስለዚህ ረጪዋ መርጨት ከመጀመሯ በፊት መጠኑ ካልተለካ በኋላ የተገኘው ቁጥር ብቻውን ብዙ አያስረዳም። በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት የአንድ ሠራተኛ መጠን ከመነሻው 80 በመቶ በታች ሲወርድ የአረጫጨቱ ሥርዓት ይመረመራል፤ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው 70 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ ደግሞ ሠራተኛው ከመርጨት ሥራ ይነሣል። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ምንም ሕመም ላይሰማው ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የተገለጸው የመሣሪያና የቁጥር ጉዳይ ነው። ከመሣሪያ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ፍርሃት ነው። ልጆቹን በወር ደመወዝ የሚያሳድግ ሠራተኛ “ታመህ ከተገኘህ ትሰናበታለህ” ብሎ ከፈራ እውነቱን አይናገርም። ሰኞ ደረትህን ይጨንቅሃል ወይ ሲባል “በጭራሽ” ይላል፤ ሳሉንም እስኪወጣ ድረስ ዋጥ ያደርጋል። ይህን ሰው ዋሾ ነው ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ በእሱ ቦታ ሆኖ ላሰበ ሰው ተግባሩ ምክንያት የሌለው አይደለም። ክትትሉ ሠራተኛውን የማባረሪያ መንገድ ከሆነ መዝገቡ በሐሰት ይሞላል፤ ሐሰተኛ መዝገብም መዝገብ ከሌለበት ሁኔታ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ደኅና ነው እያለ ያዘናጋል።

በእርሳስ ሥራ ላይ የተሰማሩትን ሠራተኞች የሚመለከተው ታሪክ ይህን ችግር ለማቃለል የተገኘውን አንድ ዘዴ ያሳየናል። (እዚህ ላይ እርሳስ ስንል የመኪና ባትሪ የሚሠራበትን ከባድ ማዕድን ማለታችን ነው። እናንተ የምትጽፉበት እርሳስ ስሙን ቢጋራም በውስጡ ያለው ግራፋይት የተባለ ሌላ ነገር ነው።) የእርሳስ ጢስና ብናኝ በትንፋሽና ባልታጠበ እጅ ወደ ሰውነት ይገባል፤ የሆድ ቁርጠት፣ የደም ማነስና የነርቭ መድከም ያስከትላል፤ በዐጥንት ውስጥም ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ይኖራል። በሥራ ልብስ ላይ ተሸክመውት ወደ ቤት ሲገቡም ሕፃናትን ይጐዳል። ወተት መጠጣት እንዲህ ያለውን መርዝ ያጥባል የሚል እምነት በብዙ ሠራተኞች ዘንድ አለ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ዳሩ ግን ወደ ደም የገባውን እርሳስ አያወጣም። በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደ ገባ የሚታወቀው ደም በመመርመር ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ እርሳስ የወጣው ደንብ በአንድ ሠራተኛ ደም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ በ100 ግራም ደም 60 ማይክሮግራም ሲደርስ ሠራተኛው ከእርሳስ ሥራ እንዲነሣ አዘዘ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለበትም። አዲሱ ነገር የተነሣው ሠራተኛ እስከ 18 ወር ድረስ ደመወዙም ሆነ የሥራ መብቱ ሳይጓደል እንዲቆይ መደንገጉ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ደመወዙ የሚቋረጥበት ሠራተኛ ወደ ምርመራው በፈቃዱ እንደማይቀርብ ተረድተው ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ አሠሪው ለማይሠራ እጅ እየከፈለ ከሚኖር ይልቅ የእርሳሱን ጢስ ከመነሻው ቢቀንስ እንደሚሻለው ያስባል። የተጠቀሰው መጠን ራሱ ከፍተኛ እንደ ሆነና ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠንም ጉዳት እንደሚደርስ የታወቀው በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ነው።

የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ያጸደቀው 161ኛው ስምምነትም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዟል። ይኸውም ከሥራ ጋር የተያያዘ የጤና ክትትል ሠራተኛውን ገቢ እንዳያሳጣው፣ ያለ ክፍያ እንዲሆንና በተቻለ መጠን በሥራ ሰዓት እንዲካሄድ ይጠይቃል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ የተቀጠሩ ሠራተኞችንና በአደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን እንደ አስፈላጊነቱ ማስመርመር የአሠሪው ግዴታ እንደ ሆነና ወጪውንም አሠሪው እንደሚችል ይደነግጋል። ከሕክምናው ሥነ ምግባር አኳያ ደግሞ ሐኪሙ ለአሠሪው የሚያስታውቀው ሠራተኛው ለዚያ ሥራ ብቁ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ብቻ ነው። የበሽታው ስምና ዝርዝሩ የሠራተኛው ምስጢር ሆኖ ይቆያል።

ሐኪምና ስፓይሮሜትር ያለው ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ሰው ከጠቅላላው ሠራተኛ ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በየከተማው ባሉት ጋራዦች፣ ብየዳ ቤቶች፣ የባትሪ መጠገኛዎችና እንጨት ቤቶች ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆነው የሚሠሩት ብዙዎች ናቸው። ለእነዚህ የሚሆን ክትትል ከአንድ ደብተር ሊጀመር ይችላል። በደብተሩ ላይ የሠራተኛው ስም፣ ሥራ የጀመረበት ቀን፣ የሚነካቸው ነገሮች ዓይነት ይጻፋል። በየሦስት ወሩም ጥቂት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ መልሱም ከነቀኑ ይመዘገባል። ማታ ከሥራ ስትወጣ ጆሮህ ይጮሃል ወይ? ከዕረፍት ስትመለስ በመጀመሪያው ቀን ደረትህን ይጨንቅሃል ወይ? ለበዓል አገርህ ሄደህ ስትሰነብት ሳሉ ይተውሃል ወይ? እንደ እኔ አስተያየት ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ከሥራ ቦታው ሲርቁ የሚለቅ፣ ሲመለሱ ደግሞ የሚመለስ ሳል የመጣበትን ቦታ ራሱ ያመለክታልና።

ሠራተኛው ሥራ ሲለውጥ የዚህ ደብተር ግልባጭ አብሮት መሄድ ይኖርበታል። ድንጋይ ሲፈለጥና ሲፈጭ የሚነሣው የሲሊካ ብናኝ በሳንባ ላይ የሚያስከትለው ጠባሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የአስቤስቶስ ብናኝ የሚያመጣው ካንሰር ደግሞ ከ20 እስከ 40 ዓመት ሊዘገይ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሰውየው ጡረታ ወጥቷል፤ አሠሪው ድርጅቱን ዘግቷል፤ የሥራ ጓደኞቹም ተበታትነዋል። በዚያ ቦታ መሥራቱንና ምን ይተነፍስ እንደነበረ ለሐኪሙ ሊነግረው የሚችል ከዚያ ግልባጭ በስተቀር ሌላ ነገር ላይገኝ ይችላል።